ዓይን ያወጣ ግዛዋ

ተማሪ የሆንኩት ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ሰቆጣ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ማስተማሩስ ይሁን፤ ችግሩ ሥዕሉ ላይ ነበር። ሰሌዳ ላይ የአበባ ክፍሎችን ስስል ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ ይሄ ጃንጥላ ነው እንጉዳይ?» ይለኛል። መጽሐፉን እንዳላሳያቸው ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ተክሎች ባሕር ማዶ የሚበቅሉ ናቸው፤ እንኳን ተማሪዎቼ እኔም በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ደጃችን ያለውን ቀጋና ክትክታ ትተን የማናውቀውን አበባ ስም ስንሸመድድ እንውላለን። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ኖሮ፣ አንድ ቀን ስልኬ ላይ የዕፅዋት ሥዕል በርቀት የሚያስተምር ኮሌጅ ማስታወቂያ አየሁና ተመዘገብኩ። አስቤበት ነው ብል ውሸት ነው። ጽሑፉን ለማጉላት ብዬ የነካሁት ቦታ «ይመዝገቡ» የሚለው ነበር። ስሜን ሲጠይቀኝ ጻፍኩ። ከጻፍኩ በኋላማ እልህ ያዘኝ።

እትዬ ብርቄ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ያሳደጉኝም፣ አሁን አብረውኝ የሚኖሩትም እሳቸው ናቸው። ምን ልማር እንደሆነ ስነግራቸው ሽንኩርት መክተፋቸውን አላቆሙም።

«ቅጠል መሳል?» አሉ።

«አዎ።»

«ቅጠሉ እዚያው ደጅ ቆሞ እያለ?»

«ለመጽሐፍ ይሆናል እትዬ። ካለፍኩ የዋግን ተክሎች ለተማሪ መጽሐፍ ለመሳል ልመረጥ እችላለሁ።»

«እንዳልሽ» አሉ። እሳቸው «እንዳልሽ» ሲሉ «ጤና ይስጥሽ» ማለታቸው ነው።

ትምህርቱ እየተንፏቀቀ ሄደ። መብራት ሲኖር ኔትወርክ ይጠፋል፣ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፤ ሁለቱም ሲኖሩ እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ። እንደምንም መጨረሻው ላይ ስደርስ ፖርትፎሊዮ የሚባለው ነገር መጣ። ተማሪው የሳላቸውን ሥዕሎች በአንድ አቃፊ ሰብስቦ ለመዛኞች የሚያቀርብበት ነው። እትዬ ብርቄ ግን ከዚህ ሁሉ የሰሙት «ፖርት» የምትለዋን ብቻ ነው። ፖርት ደግሞ እሳቸው የሚያውቁት የጎረቤት ልጅ በባሕር የተሻገረበትን ወደብ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ በሙሉ እኔ ዐረብ አገር ልሄድ እንደሆነ ሰማ። አንዷ ጎረቤቴ መጥታ «በዚህ ዕድሜሽ የሰው ቤት ማጽዳቱን ትችይዋለሽ?» ብላ ከልቧ አዘነችልኝ። ሌላዋ ለልጇ እንዳደርስላት በሶ አዘጋጅታ መጣች። በሶውን መልሳ እንድትወስደው ለማሳመን አንድ እሑድ ፈጀብኝ። ስትወጣም ፊቷን አጥቁራ ነው፤ የከለከልኳት መስሏታል።

የምዘናው ደንብ ጥብቅ ነው። ተክሉ የአካባቢው መሆን አለበት። ከፎቶ ሳይሆን ራሱ ተክሉ እየታየ ይሳላል። ከነሥሩ፣ ከነቅጠሉ፣ ከነአበባውና ከነፍሬው ይሆናል፤ ፍሬው ደግሞ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ጎላ ተደርጎ ወረቀቱ ጥግ ላይ ይቀመጣል። መዛኞቹ የሚቀበሉት ዋናውን ሥዕል ነው እንጂ የስልክ ፎቶ አይደለም። እኔም ደንቡን አነበብኩና «ከነሥሩ» የምትለዋን ቃል እንደ ሌሎቹ ቃላት ቆጥሬ አለፍኳት።

ከመረጥኳቸው ተክሎች አንዷ ግዛዋ ነበረች። በየአጥሩ ሥርና በየመንገዱ ዳር የምትበቅል፣ ቀይ ፍሬዋን በስስ ከረጢት ሸፍና የምታንጠለጥል ቁጥቋጦ ናት። ለሥዕል እንዲህ የምትመች ተክል የለችም። እኛ አገር ግን ግዛዋን ለማማሯ ብሎ የሚፈልጋት ሰው አላውቅም። ለቡዳ ያጥኗታል፤ ለክፉ መንፈስ ሥሯን በጨርቅ ቋጥረው አንገት ላይ ያስሯታል። ይህን አላውቅም ነበር አልልም። አውቃለሁ፤ ከእኔ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ ግን አልመሰለኝም።

ረቡዕ ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ስለሆነ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ከቤት ወጣሁ። ብርዱን ፈርቼ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤያለሁ። ከመንገዱ ዳር ጥሩ ግዛዋ አገኘሁና ሥሯ እንዳይበጠስ በመኮትኮቻ ዙሪያዋን ቀስ እያልኩ ስቆፍር ጎረቤታችን ወይዘሮ የሺ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደረሰችብኝ።

«እንዴት አደርሽ?» አለችኝ።

እርሳሴን በጥርሴ ነክሼ ይዤ ስለነበር ራሴን ብቻ ነቀነቅኩላት። ቆም ብላ አየችኝ። የተቆፈረውን ጉድጓድ አየች። ከዚያ አማተበችና ከእኔ በኩል ያለውን የመንገዱን ጠርዝ ለቃ በማዶኛው በኩል አለፈች።

ኋላ እትዬ ብርቄ እንዳስረዱኝ፣ መድኃኒት ሊሠራ ሥር የሚምስ ሰው የሚወጣው ረቡዕ ወይም ዓርብ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ነው፤ ተከናንቦ ነው፤ ሥሩን ነቅሎ እስኪጨርስም ለማንም ቃል አይተነፍስም። የምማረውን ሙያ በቅጡ ሳልጨብጥ ያልተማርኩትን አንድም ሳላጎድል ፈጽሜዋለሁ።

ቀትር ሳይሆን ስሜ ወጣ። ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ።

መጀመሪያ ላይ ጥቅም አላጣሁበትም። ክፍል ውስጥ የሚያንሾካሹክ ተማሪ ጠፋ። ደወል ሳይደወል ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ይጠብቀኛል። የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ «ቲቸር፣ በእኔ ላይ ምንም አያድርጉ፣ ነገ እሠራለሁ» ይለኛል። ስንት ዓመት ለምኜ ያላገኘሁትን ሥነ ሥርዓት አንዲት ግዛዋ አስገኘችልኝ። በሌላ በኩል ግን የፊዚክስ መምህሩ ከእኔ ፔርሙስ ሻይ መጠጣት አቆመ፤ ጨጓራውን እንዳመመው ነገረኝ። ከጸሐፊዋ ፔርሙስ ግን ሲጠጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝ። ይህ ሰው ዘጠነኛ ክፍል እያለ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ዛሬም ቢሮው ስገባ ሳያስበው ብድግ ይልና ርዕሰ መምህር መሆኑ ትዝ ሲለው ይቀመጣል።

«ወላጆች ቅሬታ አቅርበዋል» አለኝ።

«ምን ብለው?»

«ሥር ይቆፍራሉ ብለው።»

«እቆፍራለሁ» አልኩት።

ብዕሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «ቲቸር፣ እንዲህ ተብሎ አይመለስም እኮ።»

«ታዲያ ምን ተብሎ ይመለስ? ተክል ሥር፣ ግንድና ቅጠል አለው ብዬ አንተንም አስተምሬሃለሁ። ፈተና ላይም መልሰኸዋል።»

«መልሻለሁ» አለ፤ ትንሽ አሰበና «ሥሩን ትተው ከግንዱ በላይ ያለውን ብቻ ቢስሉስ?» አለኝ።

«አንተንስ ከወገብ በላይ ብቻ ቢስሉህ ትወዳለህ?»

እንዲህ ዓይነት መልስ ለርዕሰ መምህር እንደማይሰጥ አውቃለሁ። ግን ተናድጄ ነበር፤ የተናደደች ሴት ሆና የማታውቅ አንባቢ ካለች ትፍረድብኝ። ከቢሮው ስወጣ ሐሳቤን ቆርጫለሁ። ተደብቃ ትሠራለች ካሉኝ በጠራራ ፀሐይ እሠራዋለሁ።

በገበያ ቀን ጠረጴዛና ወንበሬን አሸክሜ ገበያው መሀል፣ በጨውና በማሽላ ተራ መካከል ተቀመጥኩ። ግዛዋዬን ከነሥሯ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ ውስጥ አቆምኩና ቀለሜን ዘረጋሁ። ሰው ያያል፤ ሥዕል ብቻ እንደሆነ ይገባዋል፤ ወሬው ያልቃል። ሐሳቤ ይኸው ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሥር ማሽ ነች የተባለች ሴት ሥሩን ይዛ ገበያ መሀል ስትቀመጥ ሕዝቡ «ለካስ አይደለችም» ይላል ብዬ እንዴት እንዳሰብኩ እኔም ይገርመኛል።

«ምን ትሸጫለሽ?» አለችኝ አንዲት ሴት።

«አልሸጥም።»

«ታዲያ ገበያ ምን አደረግሽ?»

ብሩሼን ቀለም ውስጥ ነከርኩ። አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ወረቀቴን እየጠቆሙ «ይቺ ከዚያችኛዋ ትከሳለች» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ግንዷን አወፈርኩት። ከጎናቸው የቆመው ሰውዬ «ሥሩን አሳጥራዋለች፤ ኃይሉን ለራሷ ልታስቀረው ነው» አለ። ይሄኛው ውሸቱን ነው። ፍየል ሊሸጥ የመጣ አንድ ሰው ደግሞ ፍየሉን ጎትቶ አቀረበልኝና «እሷንም ጻፊልኝ፤ ገዢ ይወድልኛል» አለ። ፍየሏ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ በዓይኗ ስትለካው ስላየሁ ግዛዋዬን ታቅፌ ሰውዬውን እስኪሄድ ለመንኩት።

ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ ረትቻለሁ ብዬ ነበር። ወሬው ግን እስከዚያች ቀን ከሰፈራችን አልወጣም ነበር። ገበያተኛው ከጨውና ከስኳሩ ጋር አዝሎት ሄደ። አንዱ ወደ ደሃና፣ አንዱ ወደ ጋዝጊብላ፣ አንዱ ወደ እኛው ዋግ ዝቋላ፤ በየደረሰበትም አራገፈው።

ከዚያ በኋላ ደጄ ሰው አላጣም። አህያው እየኮበለለ ያስቸገረው መጣ። አማቷ አላስቀምጥ ያለቻት መጣች። ፓስፖርት እንዲወጣለት የሚፈልግ ጎረምሳ መጣ። «እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሥዕል ነው የምስለው» እላለሁ። እርስ በርሳቸው ይተያዩና «እውነተኞቹ መቼ እነግራለሁ ይላሉ» ይባባላሉ። ይበልጥ በማልኩ ቁጥር ይበልጥ አመኑኝ። አህያው የኮበለለበትን ሰውዬ ተቆጥቼ «አህያህን እሰረው» ብዬ አባረርኩት። በሳምንቱ ተመልሶ አመሰገነኝ። አስሮት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የነፍስ አባቴ አባ ገብረ ጊዮርጊስ መጡ። ከእትዬ ብርቄ ጋር ስለ ዝናቡ ሲጨዋወቱ ቆዩና «እስቲ ልጄ፣ የምትሠሪውን አሳዪኝ» አሉኝ። ሥዕሎቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩ። ቀጋውን፣ አጋሙን፣ ጥንጁቱን፣ እሬቱን።

«ክታብ ላይ የሚሳለው ጠልሰም ዓይን አለው» አሉኝ። «ዓይን የሌለው ሥዕል ጠልሰም አይሆንም። እነዚህ ዓይን የላቸውም። ሥዕል ናቸው።»

ጉልበታቸውን ልስም ብድግ ስል ግዛዋዋ ጋ ደረሱ። እጃቸው ቆመ። ጥግ ላይ ፍሬዋ ለሁለት ተሰንጥቃ፣ ቀዩ ቆዳ ዙሪያውን ከብቦ፣ መሀሉ ነጣ ብሎ፣ ዘሮቹ ክብ ሠርተው ጎልታ ተስላለች። በቀጭኑ ብሩሽ ሳምንታት የደከምኩባት እሷ ላይ ነው።

«ይሄስ?»

«ፍሬዋ ናት አባ። ውስጧ እንዲታይ ተሰንጥቃ ነው።»

«ያየኛል» አሉ።

«አያይም አባ።»

ወደ ግራ ዘንበል አሉ፤ ወደ ቀኝ ዘንበል አሉ። «በየት ብዞር ያየኛል።»

እኔም ዘንበል ብዬ አየሁት። ያያል። ከሳልኳቸው ሁሉ እንዲያ የተሳካልኝ የለም።

«አጥፊው» አሉኝ።

«አላጠፋውም አባ። ደንቡ ተሰንጥቆ ይሳል ይላል። የግዛዋን ፍሬ እንዲህ አድርጎ የፈጠራት እግዚአብሔር ነው፤ እኔ ያየሁትን ነው የሳልኩት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ «መፍጠሩንስ እሱ ነው የፈጠራት» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝና ወጡ። በር ላይ ግን ለእትዬ ብርቄ «ያቺኛዋ ዓይን አላት፤ ጠንቀቅ በሉ» አሏቸው። የእትዬ ብርቄ ጆሮ እንደ ልማዱ የወደደውን ይዞ የቀረውን ለቀቀው። «ዓይን አላት» የሚለው ቀረ።

ምዘናው ነገ ሊሆን፣ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥዕሎቼን በአቃፊው ላደራጅ ተቀመጥኩ። ግዛዋዋ የለችም። አልጋ ሥር አየሁ፤ ቁም ሳጥን ላይ አየሁ።

«እትዬ፣ ግዛዋዋን አይተዋታል?»

«አንዲት ከዝቋላ የመጣች ልጅ ወሰደቻት» አሉኝ፤ ጎመን እየለቀሙ ነበር።

«ማን ሰጣት?»

«እኔ።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ሕፃን አዝላ መጣች» አሉኝ። «ሕፃኗ እንደ እሳት ትነድዳለች። እናቲቱ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ የመጣችው አንቺን ብላ ነው፤ አንቺ ደግሞ የለሽም። እኔ ሥር አላውቅ፣ ቅጠል አላውቅ። ምን ልስጣት? አባም ዓይን አላት ብለዋል። አንቺም ከሁሉም አብልጠሽ የደከምሽባት እሷ ላይ ነው። ይህን ያህል ተለፍቶባት እንዴት አታድንም ብዬ ሰጠኋት።»

መጮህ ፈልጌ ነበር። ግን ሥዕሌን እንደዚያ ያመሰገነው ሰው አልነበረምና ጩኸቱን ተውኩት። «አሁን የት ናት?» አልኳቸው።

«ክታብ አድርጎ እንዲሰፋላት ቆዳ ሰፊው ጋ ሂጂ ብያታለሁ።»

ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላጠልቅ ሮጥኩ። ቆዳ ሰፊው አወቀኝ። «ወረቀትሽ ጠንካራ ነው» አለኝ። «ብዙ ቦታ አጥፌው ነው የገባልኝ። ወስፌዬን ሊሰብርብኝ ነበር።» ጠርዙ እንዳይተጣጠፍ በሁለት ካርቶን መካከል አድርጌ ሳስተኛው የከረምኩት ወረቀት ነው። ልጅቷ ወዴት እንደሄደች ስጠይቀው በአገጩ የዝቋላን መንገድ አሳየኝ።

ከከተማው መውጫ ላይ አንድ ግራር ሥር አገኘኋት። ትርፌ ትባላለች፤ ገና ልጅ እግር ናት። ሕፃኗን በአንቀልባ አዝላ ልትነሳ ስትል ነው የደረስኩት። ሰቆጣ ውስጥ የምታድርበት ዘመድ የላትም፤ ባሏ ዐረብ አገር ከተሻገረ ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። ይህን ሁሉ ኋላ ነው ያወቅሁት። በዚያች ሰዓት ያየሁት የሕፃኗን አንገት ነው። አዲስ የተሰፋች ቡናማ ቆዳ ተንጠልጥላባታለች። ሥዕሌ።

ስሮጥ ሳለሁ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ሥዕሌን መልሺ፤ እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ነገ ምዘና አለብኝ። ግን ወደ ሕፃኗ ጎንበስ አልኩ። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድኗ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አፍንጫዋ ይሰፋል። ሳንባንም እንደ አበባ ሰሌዳ ላይ አበላሽቼ ነው የምስለው፤ ሥራውን ግን አውቃለሁ።

«አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አልኳት።

«እኛ አገር ያለው ጤና ኬላ ሄጄ ነበር» አለች። በአማርኛዋ መሀል የአገሯ ቋንቋ ኽምጣንኛ ጣል ጣል ይልበታል፤ ቃሉ ሲጠፋባት ትንሽ ቆም እያለች ትፈልገዋለች። «መድኃኒት አልቋል አሉኝ። አሁን የእርስዎን አግኝቻለሁ። ይበቃኛል።»

«ትርፌ፣ እሱ እኮ ወረቀት ነው። እኔ መድኃኒተኛ አይደለሁም።»

ፈገግ አለች። «እንዲህ እንደሚሉ ነግረውኛል።»

ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። መንገዱን አየሁት፤ ቁልቁለቱንና ከቁልቁለቱ ማዶ ያለውን ዳገት። ሕፃኗ አጭር አጭር ትንፋሽ ታወጣለች። እነዚያን ሁሉ ሳምንታት ለጎረቤት፣ ለርዕሰ መምህር፣ ለካህን፣ ለአህያ ባለቤት ሳይቀር አይደለሁም እያልኩ ስከራከር ከርሜያለሁ። አሁንም ልከራከር እችላለሁ፤ ትርፌም ፈገግ እያለች ትሄዳለች።

«እንግዲያው ስሚኝ» አልኳት። ድምፄን አወፈርኩ፤ ነጠላዬን ተከናነብኩ። «አዎ፣ ሥሩን የማስኩት እኔ ነኝ። ረቡዕ ቀን፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ቃል ሳልተነፍስ ነው የማስኩት። ይሄ ግዛዋ ሕግ አለው። ብቻውን አይሠራም። በታሰረበት ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። መርፌው ይቀድማል፤ እሱ ከኋላ ሆኖ ይጠብቃል። ካልሆነ ይሻራል።»

አተኩራ አየችኝ። «አክስትዎ ይህን አልነገሩኝም።»

«እሳቸው አያውቁትም። እኔ ነኝ የማውቀው።»

አንቀልባዋን አጠበቀችና ወደ ከተማው ዞረች። እኔም ከኋላዋ ተከተልኩ። ያን ያህል ዋሽቼ አላውቅም፤ ያን ያህልም በልቤ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

ነርሷ ሕፃኗን ስታይ ብዙ አልጠየቀችም። ኦክስጅን ሰኩላት፤ መርፌ ወጓት። «የሳንባ ምች ነው» አለችኝ ቆይታ። «እንዲህ ሆና በእግር ዝቋላ…» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። የቆዳዋን ክታብ ልታወልቅላት ስትል እኔና ትርፌ በአንድ አፍ «ይቆይ» አልናት።

በማግሥቱ መዛኞቹ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀመጡ። ሁለት ናቸው። ወይዘሮ ሰብለ ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። አቶ ዮናስ የሚባለው ወጣት ነው፤ ብዕሩን ከፍቶ ነው የሚጠብቀው። ርዕሰ መምህሩ ሱፍ ለብሶ በሩ አጠገብ ቆሟል።

አቶ ዮናስ ሥዕሎቹን አገላበጠ። «ቅጠሎቹ ሁሉ የተነከሱ ናቸው» አለኝ። «ያልተጎዳ ናሙና መምረጥ ነበረብዎት።»

«ፍየል ያልደረሰበት ቅጠል ዋግ ውስጥ ካገኙ ያሳዩኝ» አልኩት። «እኔ ያለውን ነው የሳልኩት። የሌለውን ቅጠል ስዬ ለልጆቻችን ብሰጣቸው ከተራራው ላይ ሄደው ቢፈልጉት አያገኙትም።»

ወይዘሮ ሰብለ በመሐረባቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አቶ ዮናስ ጻፈ። ከዚያ ስሞቹን ከሥዕሎቹ ጋር አመሳከረና ቀና አለ።

«ግዛዋ ይላል። የለም።»

«ጤና ጣቢያ ነው ያለው» አልኩ። «ሕፃን አንገት ላይ።»

ርዕሰ መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ግን የሆነውን ሁሉ ሳልቀንስ ነገርኳቸው። እትዬ ብርቄን አላስወቀስኩም፤ ቆዳ ሰፊውንም አላማሁም። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ ሳሳየው አቶ ዮናስ ራሱን ነቀነቀ፤ ደንቡ ዋናውን ነው የሚለው።

ወይዘሮ ሰብለ ብድግ አሉ። «ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው?»

ስንደርስ ሕፃኗ ተኝታለች። ጎድኗ መሰርጎድ ትቶ ነበር። ትርፌ ሁለት ባለ ወረቀት ሰዎች ስታይ ክታቧን በመዳፏ ሸፈነቻት።

«እነዚህም ቤት የታመመ ሰው አላቸው?» አለችኝ።

«የለንም እናቴ» አሉ ወይዘሮ ሰብለ። «ሥዕሉን ለማየት ነው።»

አቶ ዮናስ ጎንበስ ብሎ ስፌቱን መረመረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሊረዳኝ ነው የፈለገው። «በምላጭ ቀስ ብሎ ይከፈታል» አለ። «አይተነው መልሰን እናሰፋዋለን። ነጥቡም አይቀርብዎትም።»

ትርፌ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ እጇ ግን ከክታቧ ላይ ተነሳ። «እርስዎ ይከፈት ካሉ ይከፈት» አለችኝ።

የዚያች ፍሬ ዘሮች አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ። ቀዩን ቀለም ለማግኘት ስንት ቀን እንደደባለቅሁ፣ ሥሯን ለመጨረስ ምን ያህል ጎንበስ ብዬ እንደቆየሁ። ከሠራኋቸው ሁሉ የምትበልጠው እሷ ነበረች፤ ከእንግዲህ ማንም እንደማያያት አውቄያለሁ።

«አይከፈትም» አልኩ።

«ዜሮ ነው የማደርገው» አለ አቶ ዮናስ ቀስ ብሎ። «ውጤትዎን በጣም ዝቅ ያደርገዋል።»

«ያድርገው።»

ወይዘሮ ሰብለ ወረቀቱን ከእጁ ወሰዱና ዜሮውን ራሳቸው ጻፉት። «ለዚህኛው ይኸው» አሉኝ። «ለሌሎቹ ያየሁትን እሰጣለሁ። የተነከሱትንም ጨምሮ።»

አለፍኩ። ማለፍ ከተባለ፤ ከማለፊያው ነጥብ ትንሽ ከፍ ብዬ ነው። ለመጽሐፉ የሚመረጡት ከላይ ያሉት ናቸው ተብሎ ስለነበር ተስፋ አላደረግኩም። ኋላ ግን ከኮሌጁ ደወሉልኝ። ከዋግ ያመለከተ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ከላይም ከታችም ያለሁት እኔው ነኝ። ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲሰማ ብድግ አለ፤ ለረጅም ጊዜም አልተቀመጠም።

ትርፌ ከሳምንታት በኋላ ለሕፃኗ ቀጠሮ ሰቆጣ መጣች። ጤና ጣቢያ ደርሳ ስትመለስ መነኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሕፃኗ ጉንጭ አውጥታለች። ክታቧን እየመጠጠች አለስልሳዋለች፤ ውስጥ ያለው ቀለም ምን እንደሆነ ላስበው አልፈለግኩም።

እንደ ዋሸኋት መለያየት አልሆነልኝም። «ትርፌ» አልኳት፣ «እውነቱን ልንገርሽ። ልጅሽን ያዳናት መርፌው ነው። ወረቀቱ ምንም አላደረገም።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለችኝ፤ እንዲያውም የገረማት እንደማታውቅ መስሎኝ መንገሬ ነው። «ወደ መርፌው ማን ላከኝ ታዲያ?»

ረዳቱ ተሳፈሩ አለ። ሕፃኗን አቅፋ ወጣች፤ በመስኮቱ እጇን አወዛወዘችልኝ፤ መኪናው ሄደ። እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ለመጽሐፉ ጠዋት የቆረጥኩት ቀጋ ሳይጠወልግ መሳል ነበረበት።